የዳባቱ አናጢ የመጋዜን መሪ ሲያቀና

የመጋዝ ነገር ከተነሣ ዳባት ያለውን አናጢ ሳላነሣ አላልፍም። አልጋና ቁም ሣጥን ይሠራል፤ ሙስሊም ነው፤ እኔና እሱ ስንነካከስ ነው ያረጀነው። እንደሱ ያለ እጅ ግን አላየሁም። ፊት ለፊት አልነገርሁትም እንጂ።

እኔ ደባርቅ ውስጥ የጠረጴዛ መጋዝ አለኝ። ለማያውቀው ልንገር፤ ክብ መጋዙ ከጠረጴዛው መሐል ብቅ ብሎ ይሽከረከራል፤ ከጎኑ ረጅም ብረት አለ፤ መሪ እንለዋለን። እንጨቱ እሱን ተደግፎ ነው የሚሄደው። መሪው ከፊት ባለ ሐዲድ ላይ ወዲያ ወዲህ ይንሸራተትና በፈለጉት ስፋት ይቆለፋል። ኋላው ወደ መጋዙ ካዘነበለ ግን እንጨቱ ይታነቃል፣ ያርራል፣ አንዳንዴም ተስፈንጥሮ ሆድ ይመታል።

አንድ ቀን የገጠር ደብር ቄስ አንድ ሳንቃ በበቅሎ ጭነው መጡ። የድሮው ቤተ ክርስቲያን በር ነበር፤ በመጥረቢያ የተጠረበ ወጥ ጥድ። ታቹ በስብሷል፤ የቀረው ደኅና ነው። ከመሐል ተሰንጥቆ ባለ ሁለት ክንፍ መስኮት እንዲሆን ነው የፈለጉት። ትርፍ የለውም። እሱ ከተበላሸ እንዲህ ያለ ጥድ ዛሬ ከየት ይመጣል? መስኮቱን በቆርቆሮ መምታት ነው።

የበሰበሰውን ቆርጬ፣ አንድ ጎኑን በመላጊያ አቀናሁ። ከዚያ ለሙከራ ባሕር ዛፍ ብሰነጥቅ ጢሱ ቤቱን ሞላው። ጠዋት ያቀናሁት መሪ ፀሐይ ሲሞቅ ጠሟል። ይህ ነገር ሲያናድደኝ የከረመ ነው፤ በመዶሻ መታ መታ እያደረግሁ ነበር የምገላገለው። በዚህ ሳንቃ ላይ ግን አልደፈርሁም። ዳባት ደወልሁ።

በሚኒባስ መጣ። ሰላምታውን ሳይጨርስ ሶኬቱን ነቀለ። ሐዲዱን በአውራ ጣቱ ጠረገና አሸተተው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የበግ ሞራ። እንዲንሸራተት ነዋ።»

«ማን ቅባ አለህ?»

«አባቴ የቀንበሩን ጠፍር ሞራ ነበር የሚቀባው። አንድ ቀን አልተበጠሰበትም።»

«እንግዲያው በሬ ጥመድበት።»

ቄሱ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ለካ ሞራው ብናኙን እየጠጣ እንደ ሊጥ ተጋግሯል። በደባርቅ ብርድ ጠዋት ይረጋል፣ ሲሞቅ ይላላል። መሪው የተቀመጠው ሞራው ላይ እንጂ ብረቱ ላይ አይደለም። እኔ ስንት ጊዜ ስደበድበው የኖርሁትን እሱ በአፍንጫው አገኘው።

ሐዲዱን በነጭ ጋዝ አጥቦ አደረቀና ወደ ቄሱ ዞረ። «አባ፣ የጧፍ ቁራጭ አያጡም መቼም።»

«ለመጋዝም ጧፍ ይበራለታል እንዴ?»

«ለዚህ ሰውዬ ነፍስ ነው። የተረፈው ለሐዲዱ።»

ቄሱ ያወጡለትን የጧፍ ሰም ሐዲዱ ላይ ስስ አድርጎ አሸና በጨርቅ ወለወለው። መሪው በጣት ሲገፉት ይሄድ ጀመር።

ከዚያ የሠራው ነው እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ። ከመጋዙ ጥርሶች አንዱን በጠመኔ ምልክት አደረገበት። መሪውን አስጠግቶ ቆለፈና ስንደዶ ቆረጠ፤ በዚያ ጥርስና በመሪው መሐል ልክክ የሚል። ያንኑ ጥርስ በእጁ አዙሮ ወደ ኋላ ወሰደና በዚያው ስንደዶ ለካ። አልገባም። የመሪውን ብሎኖች ላላ አድርጎ፣ ገፋ አድርጎ፣ አጠበቀ። ለካ። ፈታ። አሁንም ለካ። ስንደዶው ከፊትም ከኋላም እኩል ሲገባ እኔ ተነሣሁ፤ እሱ ግን «ከኋላ ፀጉር ታህል ይከፈት» ብሎ እንደገና ፈታው።

«ይበቃል እንግዲህ» አልሁት።

«ሳንቃው ያንተ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ዝም በል።»

እሱ ሲጨርስ ሶኬቱን መልሼ ሰካሁ።

ሳንቃውን እኔ ገፋሁ፣ እሱ ከወዲያ ተቀበለ። የመጋዙ ድምፅ ከጫፍ እስከ ጫፍ አልተለወጠም። ጢስ የለ፣ ያረረ የለ። ሁለቱን ክንፎች ጠርዝ ለጠርዝ አጋጥሞ በበሩ በኩል ወዳለው ፀሐይ አነሣቸው። ቄሱ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው መጋጠሚያውን ከላይ እስከ ታች ሄዱበት።

«ብርሃን አያሾልክም» አሉ።

ማጠፊያውን መትተን ስንጨርስ መሽቶ ነፋስ ጀምሯል። ቄሱ ክንፎቹ መንገድ ላይ እንዳይፋጩ ጋቢያቸውን አውልቀው ጠቀለሉባቸው፤ በዚያ ብርድ።