ክረምት የጠጣው ናፍጣ

ሸነን ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ሳለሁ፣ አንድ የማላየው ሌባ ጋቢና አብሮኝ የሚሳፈር ይመስለኝ ነበር። በበጋ አምቦ አድርሶ የሚመልሰኝ ናፍጣ፣ ክረምት ሲገባ ሸነን ሳልደርስ መንገድ ላይ ያልቃል። መኪናዋ ያችው፣ መንገዱም ያው።

ታንከሩ ሥር ተንጋልዬ ገባሁ፤ ጠብታ የለም። ክዳኑን ቆለፍኩት፤ ለውጥ የለም። ጭቃው ሞተሩን እያስጮኸ በአንደኛ ማርሽ እንደሚያስኬደኝ አውቃለሁ። ባትሪው ብርድ ስለማይችል፣ አለቆቼ ስብሰባ እስኪጨርሱ ሞተር ሳላጠፋ ነው የምጠብቃቸው። ግን ጭቃ ጎማ ይይዛል እንጂ ናፍጣ ይጠጣል? ግራ ገባኝ።

ክረምቱ ሲወጣ ግምገማ ተቀመጥን። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም።

«ኦቦ፣ ሂስህን ዋጥ። ናፍጣው የት ነው የሚሄደው?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩ። እውነቴን ነበር። በግምገማ ግን «አላውቅም» ማለት «ሰርቄያለሁ» ከማለት ይብሳል። እንጀራዬም ስሜም እዚያች ታንከር ውስጥ ነበሩ።

መኪናዋ በኮሚቴ ትፈተን ተባለ። ኮሚቴው ደግሞ የኮሚቴ ነገር ነውና፣ እስኪሰበሰብ ኅዳር ገባ፤ መንገዱ ደርቆ አቧራ ሆነ። ኃላፊው ራሱ አጠገቤ ተቀምጦ አምቦ ደርሰን ተመለስን። ሸነን ስንገባ ናፍጣው ተርፏል! እኔ ቂሉ፣ መንገድ ላይ ስላልቀረን ደስ ብሎኝ ወደ ኃላፊው ዞርኩ።

«አየህ፣ ሰው አጠገብህ ሲቀመጥ ይበቃል» አለኝ።

ከመሪው አንስተው ዘበኛ አደረጉኝ። ሚስቴ እንኳ አንድ ቀን ቀስ ብላ «ለእኔ ግን ንገረኝ» አለች። ከሁሉ ያቃጠለኝ ያ ነው። ምን ልንገራት? እኔም አልገባኝም።

በሚቀጥለው ክረምት አዲሱ ሾፌር መኪናዋን መንገድ ላይ ትቶ፣ በዝናብ በስብሶ በእግሩ እኔ ወደምጠብቀው በር መጣ።

«ያ ኦቦ፣ ኩን ማሊ? ይኼ ምንድን ነው? ናፍጣው የት እንደገባ ግራ ገባኝ እኮ!»

በሰው መከራ መደሰት ነውር ቢሆንም ላቅፈው ምንም አልቀረኝም። ክንዱን ይዤ እየጎተትኩ ኃላፊው ቢሮ ይዤው ገባሁ።

«በል፣ ለእሳቸውም ንገራቸው!» አልኩት። ነገረው።

ኃላፊው ከእግር እስከ ራሱ ጭቃ የሆነውን ልጅ አየ። ከዚያ ክንዱን የያዘውን እጄን አየ።

«እሱንም አስተማርከው?» አለኝ።