በጥንቸሏ ላይ ማላከክ

አይቆሜ የሚለውን ስም ያወጡላቸው ተሳፋሪዎች ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሲነዱ፣ ከመናኸሪያ ተነስተው ምሳ ቦታ እስኪደርሱ ለሰው ሽንት ብለው ፍሬን ረግጠው አያውቁም። "ሹፌር፣ አንዴ ብቻ አቁምልን" ሲባሉ በመስታወቱ ቀና ብለው አይተው፣ "ቻለዋ፣ እኔስ ሰው አይደለሁ እንዴ?" ይሉ ነበር። እሳቸው ይችሉታላ። ስምንት ሰዓት ሙሉ ከመሪው ሳይነሱ መዋላቸውን እንደ ትልቅ ሙያ ነበር የሚያወሩት። ምን ይደረግ፣ ሰው በፊኛውም ይኮራል።

ጡረታ ወጥተው ሚስታቸውም ከሞቱባቸው በኋላ ልጃቸው ቤት ገቡ። ልጁ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው፤ ሲዞር ውሎ ፀሐይና ውሻ ሲያባርሩት ይመጣል። ምራታቸው ላውንደሪ ቤት ትሠራለች። ባልና ሚስቱ ገና ልጅ አልወለዱም። ሳሎኑ ውስጥ አዲስ የተገዛ ግራጫ ሶፋ አለ፤ ከሶፋው ማዶ፣ መስኮቱ ሥር፣ የምራትየው ጥንቸል አለች። ስሟ እሜቴ ነው።

እሜቴ እውነትም እመቤት ነበረች። እንደመጣች ሰሞን ያገኘችው ቦታ ላይ ትለቀው ነበር። ምራትየው አልመታቻትም፣ አልጮኸችባትም። የትኛውን ጥግ እንደምታዘወትር ተከታትላ፣ እዚያው ጥግ ዝቅ ያለ የፕላስቲክ ሳፋ አስቀመጠች፤ ድርቆሽ ጎዘጎዘችበት። ሌላ ቦታ ያንጠባጠበችውን በወረቀት እየለቀመች፣ ሽታውን ተከትላ እንድትመጣ ሳፋው ውስጥ ጨመረችው። ሳፋው ላይ ስትወጣ ቁራጭ ካሮት ትሰጣታለች። በስድስተኛው ሳምንት እሜቴ ከድርቆሹ ሌላ መጸዳጃ አታውቅም። ምራትየው ይህን ለጎረቤት ስታወራ ልጇን ዩኒቨርሲቲ ያስገባች ነበር የምትመስለው።

እንግዲህ አይቆሜ ያላከኩት በዚች ጥንቸል ላይ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥን እያዩ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው። ሲነቁ ሱሪያቸው ርሷል። መጀመሪያ ውሃ የደፉ መስሏቸው ብርጭቆ ፈለጉ። ብርጭቆ አልነበረም። ሱሪያቸውን ቀየሩ፤ እርጥቡን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው ጓሮ ካለው የውሃ ታንከር ጀርባ ሸጎጡት። ሶፋውን ሊጠርጉ ጨርቅ ይዘው ሲመለሱ ልጃቸው ገብቶ ቆሟል።

"ይቺ ጥንቸል ደግሞ ጀመረች" አለ።

አይቆሜ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። ውሸቱ የተጀመረው እንዲህ ነው፣ አንድም ቃል ሳይወጣቸው። ዝም ማለት መዋሸት አይደለም ብለው ራሳቸውን አጽናኑ። ውሃ ግን እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።

በሳምንቱ ደገማቸው። ከዚያ በሳምንት ሁለቴ ሆነ። ምራትየው ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ሶፋው ሥር ተንበርክካ በአቼቶና በሳሙና ትፈትጋለች። ሁለተኛ ሳፋ ገዛች። ሶፋውን ላስቲክ አለበሰችው፤ ላስቲኩ ላይ ስለሚያልባቸው አይቆሜ ሲተኙ ይገፉታል። ባልየው ደግሞ በር ላይ ቆሞ ይሳደባል። "ሽንቱን መቆጣጠር የማይችል ነገር ሰው መሀል ምን ይሠራል? በረንዳ ላይ ይደር። ቤቱ ገማ እኮ።" አባት ወንበራቸው ላይ ሆነው ይሰማሉ። እያንዳንዷን ይሰማሉ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ።

አንድ ቀን ልጁ ዘወር ብሎ፣ "አባዬ፣ አንተ ቤት ትውላለህ፤ አይተሃታል?" አላቸው።

"አዎ" አሉ፣ ዐይናቸውን በጨው አጥበው። "ስትዘል አይቻታለሁ።"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ምራትየው መፈተጓን አቆመች፤ ጨርቁን ጨመቀች። ያን ቀን አይቆሜ እራት አልበላላቸውም። ትዝ ያለቻቸው አንዲት ተሳፋሪ ናት። አቁሙልኝ ብላ ለምና ለምና ልጇ መቀመጫው ላይ የሸናባት። አውቶቡሱ ሙሉ ሰው እያየ፣ ባንገቷ በጠመጠመችው ሻርፕ እንድትጠርግ አድርገዋታል። ስሟን አያውቁም። አንገቷን እንዴት እንደደፋች ግን ያውቃሉ፤ አሁን እሳቸውም እንደዚያ ነው የሚደፉት።

ዓርብ ዕለት ልጁ ቆርጦ መጣ። "መሥሪያ ቤታችን ያለው ዘበኛ ነገ ጠዋት ይወስዳታል።"

"ሊያረባት ነው ወይስ ሊበላት?" አሉ አባት።

"እሱ የራሱ ጉዳይ ነው።"

ምራትየው፣ "እሺ" አለች። ይሄው ነው። ለስድስት ሳምንት በካሮት ያስተማረቻትን ጥንቸል በአንድ እሺ ሰጠች። አይቆሜ አልገባቸውም። ትከራከራለች ብለው ነበር፤ ተከራክራ ብታሸንፍ እሳቸውም ይድኑ ነበር።

ጠዋት ጎኑ የተበሳሳ ካርቶን ሳሎኑ መሀል ተቀመጠ። ምራትየው ድርቆሽ አድርጋ እሜቴን አስገባቻት፤ ክዳኑን በፕላስተር ስታሽግ ፕላስተሩ እጇ ላይ እየተጣበቀ አስቸገራት። አይቆሜ ከወንበራቸው ተነሱ።

"እሷ አይደለችም" አሉ። "እኔ ነኝ።"

ልጁ ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው። "አባዬ ደግሞ። ለጥንቸል ብለህ ስምህን ታጠፋለህ? ምራትህን ላለማስከፋት መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? ስምንት ሰዓት ከመሪ የማይነሳ ሰው ነው አሁን ሶፋ ላይ የሚሸናው?"

ይህን አላሰቡትም። አንዴ ለመናገር ነበር ሌሊቱን ሙሉ ወኔ ሲያጠራቅሙ ያደሩት፤ ሁለተኛ መናገር እንደሚያስፈልግ አላወቁም። ምስክር ፍለጋ ወደ ምራታቸው ዞሩ። እሷ ከካርቶኑ ቀና አላለችም። ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች። ያኔ ነው የገባቸው። ይቺ ልጅ እኮ ላውንደሪ ቤት ነው የምትሠራው። የሰው ሸሚዝ ገልብጣ አይታ ዘይት ነው፣ ላብ ነው፣ ወይን ነው የምትል ልጅ ናት።

"አንቺ ታውቂያለሽ" አሏት።

"አባባ፣ ተዉት በቃ" አለች በለሆሳስ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ቀን። የጥንቸል ሲደርቅ ነጭ ይሆናል፣ እንደ ኖራ። የሶፋው አንድም ቀን ነጭ ሆኖ አያውቅም።"

"ታዲያ ለምን ሰጠሻት?"

"እሷማ ጥንቸል ናት፤ አታፍርም።"

ልጁ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። አንዴ ሚስቱን፣ አንዴ አባቱን ያያል። "ምንድን ነው የምትሉት?" አለ። "እየቀለዳችሁ ነው?"

አይቆሜ ወገባቸውን ለማቅናት ሞከሩ። አልቀና አላቸው። "ታንከሩ ጀርባ ከረጢት አለ" አሉ። "ሱሪዎቼ ናቸው። አራት ናቸው። ሂድና እይ። ቀን ስተኛ አይሰማኝም። ስትዘል አይቻታለሁ ያልኩህም ውሸቴን ነው።"

ልጁ ወጣ። ከጓሮ ሲመለስ ከረጢቱን ይዞ አልነበረም፤ እጁን ግን ሱሪው ላይ ይጠርግ ነበር። ከበሩ አላለፈም። የውጭው በር ተንኳኳ፤ ዘበኛው ነው። ምራትየው ሄዳ፣ "ይቅርታ፣ ሐሳባችንን ቀይረናል" ብላ መለሰችው።

"አባዬ" አለ ልጁ በመጨረሻ፣ ወለሉን እያየ። "ያን ሁሉ ስሳደብ እዚሁ ነበርክ።"

"ነበርኩ።"

"ለሷ ነበር እኮ የምለው።"

"አውቃለሁ። አንተ ለሷ ነው የምትለው። የምሰማው ግን እኔ ነበርኩ፣ ልጄ።"

ልጁ ከበሩ አለፈ። ባልዲውን ውሃ ሞላ፤ አቼቶውን ጨመረበት። ሚስቱ ልትቀበለው እጇን ስትዘረጋ አልሰጣትም። ሶፋው ሥር ተንበርክኮ፣ ጀርባውን ለአባቱ ሰጥቶ፣ መፈተግ ጀመረ።