ካልዳነች አትዳርም

ሽማግሌዎቹ የመጡት በጥቅምት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ርብቃ ጓዳ ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ከመጋረጃው ሥር ስድስት የሐሙሲት መንገድ አቧራ የለበሱ ጫማዎች ታዩዋት። አባቷ አቶ ካሳሁን «አረፍ በሉ እንጂ» አሉ። ከእንግዶቹ አንደኛው «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» ብለው መለሱ። ወጉ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል።

እናቷ ዘነበች ከማለዳው ጀምራ ቤቱን እንደ ጦር አዛዥ አሰልፋ ነበር። ጠላውን ትቀዳ የተባለችው ታናሽ እህቷ ሜሮን ናት። ርብቃ ከጓዳ እንዳትወጣ፣ ቢቻል ከዱካዋም እንዳትነሳ ታዘዘች።

«ልጅ ሲጠየቅ ልጅቱ አትታይም» አለች እናቷ። «ነውር የለውም።»

«ሁልጊዜ እንደዚያ ነው ወይስ ለእኔ ብቻ?»

«አፍሽን ሰብስቢ።»

ርብቃ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ባለች አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ማመልከቻ፣ የተዝካር ጥሪና የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ ትተይባለች። በሦስት ዓመቷ የልጅነት ልምሻ ግራ እግሯን ያዛት፤ ከዚያ ወዲህ የምትሄደው ከጭኗ እስከ ጫማዋ በሚደርስ ብረት ነው። ብረቱ ጉልበቷ ላይ ማጠፊያ አለው። ስትነሳ ቀጭ ብሎ ይቆለፋል፤ ስትቀመጥ ቀጭ ብሎ ይከፈታል። በሰፈሩ የሚያውቋት ከዓይናቸው ቀድሞ በጆሯቸው ነው።

ሥራ ሲቀዘቅዝ ማንጋ ታነባለች፤ ከቀኝ ወደ ግራ የሚገለጠውን የጃፓኖች የሥዕል ልቦለድ። ነገሩ የተጀመረው አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሱቁ ውስጥ ፍላሽ ረስቶ በሄደ ጊዜ ነው። ተማሪው ፍላሹን ፍለጋ ሲመለስ እሷ አርባ ቅጽ ጨርሳ ነበር። ኢንተርኔት በጠፋባቸው ወራት ያላትን ደጋገመችው፤ ሲመለስ ደግሞ በቴሌግራም አንድ ቻናል ከፍታ ያነበበችውን መተቸት ጀመረች። ተከታዮቿ አራት መቶ አሥራ ሁለት ደረሱ። ስለ እግሯ አንድ መስመር ጽፋላቸው አታውቅም። የሥዕል ትችት ነው የምታቀርበው፣ የሐኪም ወረቀት አይደለም።

ግን የምትናደድበት ቦታ ይታወቃል። ስለ አንድ ዓይነ ስውር ሰይፈኛ ስትጽፍ፦ «ከሚያዩት ሁሉ አብልጦ ካየ ዕውርነቱ የት አለ? ደራሲው ለጌጥ አድርጎለታል» አለች። ስለ ፍቅር ታሪኮች ደግሞ፦ «ሁሉም ፍቅሩን የሚናገረው በዝናብ ሮጦ ነው። መሮጥ የማይችል ሰው ምን ያድርግ? በደብዳቤ ይላክ?» የወደደችው አንድ አጭር ታሪክ ነበር፤ ባለ አንድ እጅ የዓሣ ነጋዴና ባሏ ስለ ጨው ሲጨቃጨቁ ውለው ያመሻሉ። የሴትዮዋ እጅ ነገር የሚነሳው በአርባኛው ገጽ ነው፤ እሱም ባልየው የገንቦውን ክዳን ክፈቺልኝ ብሏት ስትስቅበት። «እንዲህ ነው ትዳር» ብላ ጻፈች። «ሰው ሙሉ የሚሆነው የሚጨቃጨቀው ሲያገኝ ነው።»

ከሁሉ ያወዛገበው «ቁልቁለት» ስለሚባለው ባለ አሥራ አንድ ቅጽ ታሪክ የጻፈችው ነው። በአንዲት ዳገታማ የወደብ ከተማ የምትኖር፣ በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ ተማሪና ወንበሯን እየገፋ ትምህርት ቤት የሚያደርሳት ልጅ ታሪክ ነው። በአሥረኛው ቅጽ ይዋደዳሉ። በአሥራ አንደኛው ተነስታ ትቆማለች፤ ከዚያ ቀለበት ያደርግላታል። ርብቃ እንዲህ አለች፦ «ደራሲው ሊድራት ሲፈልግ አስቀድሞ አዳናት። ካልዳነች አትዳርም ማለቱ ነው።»

አንድ አንባቢ ከሥሩ መለሰላት። «ታሪክ ሲያልቅ ሰው ተሽሎት ቢሄድ አንቺን ምን ጎዳሽ?»

«የተሻለው ለአንባቢው ነው» አለችው። «ለእሷማ አሥር ቅጽ ሙሉ ምንም አልጎደላትም ነበር።»

ያ አንባቢ ሙላቴ ነው። ሐሙሲት ላይ ሞባይል ይጠግናል። ዓመት ሙሉ ተከራከሩ። አንድ ቀን የስልክ ስክሪን ሊገዛ ደብረ ታቦር ሲመጣ ሱቋን ጠይቆ ገባ። ልትቀበለው ተነሳች፤ ብረቱ ቀጭ አለ። ሙላቴ እግሯን አየና ፊቷን አየ።

«ለካ በ‹ቁልቁለት› የተናደድሽው ለዚህ ኖሯል» አላት።

«አይደለም። ሥዕሉም መጥፎ ነው።»

ሱቁ እስኪዘጋ ተጨቃጨቁ። ለእግሯ ብሎ ድምፁን ዝቅ አላደረገም፤ ሲሸነፍም ሽንፈቱን አልዋጠም። ያን ቀን ወደደችው። ከተገናኙ በስምንተኛው ወር ሽማግሌ ልላክ አላት። ለቤተሰቦችህ ስለ እኔ ነግረሃል ወይ ስትለው፣ ነግሬያቸዋለሁ አለ።

እንግዲህ እሑድ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ የነገራቸውን ሰማች።

ተናጋሪው አያ ይሻው የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ዘር ቆጠሩ፣ ልጁን አመሰገኑ፣ «ከቤትዎ ልንዛመድ መጥተናል» አሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅቱ እግሯን ትንሽ ታማ እንደነበር ልጃችን አልደበቀንም። ጣራ ገዳም ጠበል ስትጠመቅ ከርማ እየተሻላት ነው፣ ለፋሲካ ሙሉ በሙሉ ትድናለች ብሎናል። ሰርጉ ለጥር ቢሆንልን ምኞታችን ነው። ጠበሉን ከእኛም ዘንድ ሆና ትጨርሳለች።»

ርብቃ አባቷ እንዲያርሟቸው ጠበቀች። አባቷ ሃያ አራት ዓመት ያን ብረት ሲያስቀጥሉ፣ ሲያስበይዱ የኖሩ ሰው ናቸው። «እግዜር ይጨርስላት» አሉ።

ዘነበች የልጇን ፊት አይታ ነጠላዋን ያዘች። ቀጭ! ርብቃ ቆማለች። ነጠላው እናቷ እጅ ላይ ቀረ። ከሜሮን እጅ የጠላውን ጣሳ ተቀብላ መጋረጃውን ገለጠች። ከጓዳው እስከ እንግዶቹ ስምንት እርምጃ ነው፤ አራቱ የብረት ነበሩ። ለአያ ይሻው ስትቀዳ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም።

ሽማግሌው ወደ ታች አዩ። «ጠበሉ ገና አልያዘሽም እንዴ፣ ልጄ?»

«ጣራ ገዳም ሄጄ ጠጥቻለሁ፣ አባባ፤ ለጨጓራዬ። የእግሬ ይኸው ነው። ለፋሲካም ይኸው ነው።»

 ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ ሳቅ ይሁን ሳል ያልታወቀ ነገር አፈነ። አቶ ካሳሁን እንደ ወጉ «እንመካከርበትና በአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ» አሉ።

እንግዶቹ ከግቢ ሳይወጡ ዘነበች ጀመረች። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ማን ጠየቀሽ? እሺ፣ ማን ጠየቀሽ?»

«እሳቸው ጠየቁኝ።»

«አንቺ እኮ ያንን የጃፓን ጉድ ስታነቢ ነው ራስሽን የሳትሽው! አንድ ሰው ፈልጎሽ ቢመጣ...»

«እሱን ነው የምጠይቀው፣ እማ፤ ማንን ፈልጎ እንደመጣ።»

ሰኞ ከሱቅ ደወለችለት።

«አሥራ አንደኛውን ቅጽ ተረክህላቸው» አለችው።

«ምን?»

«አስነስተህ ልታገባኝ ነው።»

ከጀርባው የሚኒባስ ረዳት «ባሕር ዳር! ባሕር ዳር!» እያለ ይጣራል። «አባቴን አታውቂውም፣ ርብቅዬ። ልምሻ ብዬ ስጀምር ዐረፍተ ነገሩን አያስጨርሰኝም። መጀመሪያ ቤት ግቢ ብዬ ነው። አብረውሽ ሲኖሩ ይረሱታል።»

«ፋሲካ ሲደርስስ?»

«ፋሲካ ሲደርስ ለቡሄ እንላለን። ከዚያ ለመስቀል። በዓል ሞልቶ የለ?»

ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ ይበልጥ ያናደዳትም እሱ ነው። «ሙላቴ፣ አሥራ አምስት ቀን አለህ። አንተ ራስህ፣ በአፍህ፣ ‹እግሯ አይድንም፤ ይህችው ናት› በላቸው። ከዚያ እሺም ይበሉ እምቢም ይበሉ።»

«እነግራቸዋለሁ።»

በየምሽቱ መልእክት ላከላት። ነገ ይል ነበር። አንድ ቀን አባቱ ይፋግ ገበያ ሄዷል፤ አንድ ቀን ኃይለኛ ራስ ምታት ይዞታል፤ ሁለት ቀን መንገድ ተዘግቶ ሁሉም ሰው ተጨንቋል። በአሥራ አራተኛው ቀን ምንም አልላከም።

በአሥራ አምስተኛው ሽማግሌዎቹ መጡ። ዘነበች ተስፋ ቆርጣ ነበርና ርብቃ ሳሎኑ ጥግ ስትቀመጥ ግድ አልሰጣትም። አያ ይሻው በዚህኛው ቀን ሳይለመኑ ተቀመጡ፤ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ።

«ያለፈው ዕለት ያየነውን አይተናል፤ የሰማነውንም ሰምተናል» አሉ። «እኔ ውሸት ተሸክሜ በሁለት ቤት መካከል አልመላለስም። ሽበቴን አፍረዋለሁ። ለልጁ አባት እኔው ነገርኩት። አይድንም አልኩት። ሦስት ቀን አኮረፈ። በአራተኛው ‹ከዘር ነው ወይ?› አለኝ። የልጅነት ልምሻ ነው፣ ከዘር አይደለም አልኩት። ‹እንግዲያስ ይሁን› ብሏል።»

ዘነበች ልትለው የነበረው እልልታ አፏ ላይ ደረሰ። ርብቃ ቀደመቻት።

«ሙላቴስ ምን አለ?»

ሴት ልጅ በሽማግሌ ፊት እንዲህ አትጠይቅም። አያ ይሻው ግን ጥያቄውን እንደጠበቁት ሁሉ አልተቆጡም። ከዘራቸውን ወደ ሌላኛው ጭናቸው አዛወሩ።

«ስናገር አጠገባችን ነበር። አባቱ ዞሮ ‹አታለለችህ ማለት ነው?› አለው።» ቆም አሉ። «አቀርቅሮ ዝም አለ። ያልሆነውን አልልሽም፤ አዎም አላለም። ዝም ነው ያለው።»

አቶ ካሳሁን እንግዶቹን «ጥቂት ጊዜ ስጡን» ብለው ሚስታቸውንና ልጃቸውን ይዘው ጓዳ ገቡ።

«ሰውዬው ይሁን ብሏል» አሉ ቀስ ብለው። «እሺ ልበል?»

«አይበሉ፣ አባዬ።»

«አንቺ ልጅ!» አለች ዘነበች። ድምፅዋን ለማፈን ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ይሁን አሉ እኮ! ከነብረትሽ ይሁን አሉ! ከዚህ በላይ ምን አምጡ ነው የምትያቸው? ሌላ ሰው ያንን በር የሚያንኳኳ ይመስልሻል?»

«አይመስለኝም» አለች ርብቃ። እውነቷን ነበር። «ግን አባቱ ናቸው ይሁን ያሉት። እሱ አላለም። ነገ በዚያ ቤት ወጡ ቢያርር፣ ልጅ ቢያለቅስ፣ ‹አታለለችህ› ሲሉት አቀርቅሮ ይቀመጣል። እኔ ከማን ጋር ልጨቃጨቅ?»

ነገሩ ለእናቷ አልገባትም። አባቷ ረዥም ጊዜ ብረቱን አዩ።

«ምን ልበላቸው?»

«እውነቱን ነዋ።»

«ለሽማግሌ እንዲያ አይባልም። ልጃችሁ አልበቃም ብዬ ልሰድባቸው ነው?» መጋረጃውን ገልጠው ወጡ። «ልጅቱ በዚህ ዓመት ትምህርት ልትቀጥል ኖሯል» አሉ። «እኛም አሁን ነው የሰማነው። አክብራችሁናል፤ እግዜር ያክብራችሁ።»

የትምህርትን ነገር ሽማግሌዎቹ በዕድሜያቸው ስንት ቤት ሰምተውታል። አንዳቸውም ምን ትምህርት ብለው አልጠየቁም። ጠላቸውን ጨርሰው መረቁ። አያ ይሻው ወደ በሩ ሲሄዱ ርብቃ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ትምህርቱ ይቅናሽ፣ ልጄ» አሉ፤ ፊታቸው ላይ ምንም የለም።

«አሜን፣ አባባ» አለች። ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የቆጠቆጣት። ለአንዱ ውሸት ሰው ፊት ተነስታ ቆማ ነበር፤ ለዚህኛው አሜን አለችለት።

በማግስቱ ሱቁን ከፈተች። ስልኳ ላይ የሙላቴ መልእክት ነበር። «አባዬ እሺ ብሎ ነበር እኮ። ከዚህ በላይ ምን ፈለግሽ?» ሁለት ጊዜ አነበበችው። አልመለሰችም። አንድ ገበሬ የመሬት ማመልከቻ አስጻፈ፤ ሁለት ተማሪዎች መታወቂያ ኮፒ አስደረጉ። ከዚያ ባዶ ሆነና «ቁልቁለት»ን ከመጀመሪያው ቅጽ ከፈተችው። ሥራ በመጣ ቁጥር እየዘጋች፣ በሄደ ቁጥር እየከፈተች ስታነብ ዋለች።

ልጅቱ የምትቆምበት ገጽ ላይ ስትደርስ አልተናደደችም። ዓይኗ ልጁ ላይ ነበር። የልጁ እናት በሦስተኛው ቅጽ ስለ ልጅቱ ትጠይቀዋለች፣ በስድስተኛው ትቆጣዋለች፣ በዘጠነኛው በሩን ትዘጋበታለች። ልጁ ሦስቱንም ጊዜ ፀጉሩ ዓይኑን እስኪሸፍነው አቀርቅሯል። ቃሉ የሚጻፍበት ክብ ባዶ ነው። ቀድሞ ስታነበው ያንን ዝምታ ትዕግሥት ብላው ነበር፤ በጽሑፏም አመስግናዋለች። ደራሲው ልጅቱን ያስነሳት ልጁ እንዳይናገር ነበር። ከዳነችለት መናገር አይጠበቅበትም።

ይህንኑ ጻፈች። «ስለዚህ ታሪክ ካልኩት ግማሹ ስህተት ነበር» ብላ ጀመረች። ስለ ሦስቱ ገጾች ተናገረች፣ ቁጥራቸውን ሰጠች። መጨረሻ ላይ «አሥራ አንድ ቅጽ ሙሉ ወንበሯን ገፋ፤ ስለ እሷ ግን ለእናቱ አንድ ቃል አልተናገረም» ብላ ዘጋችው። ስም አልጠራችም። ስለ ጠበልም፣ ስለ ትምህርትም አላነሳችም። የሥዕል ትችት ነው።

ለቀቀችው። ከቀትር በኋላ አርባ ሰው አነበበው፤ አንዱ ከባሕር ዳር «ልጁን ለቀቅ አድርጊው፣ ዓይን አፋር ነው» አላት። ሌላዋ ሦስት የእሳት ምልክት አደረገች። እናቷ ምሳ አልላከችላትም፤ ብዙ ጊዜ በሜሮን ነበር የምትልከው።

ሱቁን ከመዝጋቷ በፊት ቻናሉን እንደገና ተመለከተች። ተከታዮቿ አራት መቶ አሥራ አንድ ሆነዋል። የጎደለውን ስም መፈለግ አላስፈለጋትም። ኮምፒውተሩን አጠፋች፣ ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሳች። ብረቱ ቀጭ አለ።