የተቆለፈው የኮምፒውተር ክፍል

ሰፈርተኛው «ጋሽ ቀስበሉ» የሚላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። አውቶቡስ ሲነዱ በኖሩበት ዘመን፣ ተሳፋሪ ሲጋፋ «ቀስ በሉ፣ ሁላችሁም ትደርሳላችሁ» ከማለት በቀር ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው ዓይኗን ሞራ የጋረደባትን ሚስታቸውን እጇን ይዞ ማዞር ሆነ።

አንድ ጠዋት የሚስታቸው የቀዶ ሕክምና ተራ የት እንደደረሰ ሊጠይቁ ማዘጋጃ ቤቱ ጤና ክፍል ሄዱ።

«ተራቸውማ ደርሶ አለፈ እኮ አባባ» አለች የመስኮቷ ሠራተኛ። «በኢሜይል ተነግሮዎት መልስ ስላልሰጡ ለሌላ ታካሚ ተሰጠ።»

«እኔ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ኢሜይል ያለኝ?»

«ሲመዘገቡ እኛው ከፍተንልዎታል። አሁን ሁሉም ነገር በኢንተርኔት ነው።»

ደማቸው ፈላ። «በስሜ ቤት ሠርታችሁ ቁልፉን ኪሳችሁ ከተታችሁት በይኛ!»

ልጅቷ አፈረች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ለነዋሪው መማሪያ የተባለ የኮምፒውተር ክፍል ፎቅ ላይ አለ። ግን ከተመረቀ ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም» አለቻቸው።

ፎቁን ወጡ። በክፍሉ በር መስታወት አሻግረው ሲያዩ ኮምፒውተሮቹ ከነላስቲካቸው ተደርድረዋል፤ አቧራው ለጉድ ነው። ከጎን ካለው አዳራሽ የከተማው ምክር ቤት ሰብሳቢ በስብሰባ ላይ «ነዋሪያችን ዛሬ በቤቱ ሆኖ ይገለገላል» ሲሉ ተሰማ። ጋሽ ቀስበሉ በሩን በርግደው ገቡ።

«የቱ ነዋሪ ነው በቤቱ ሆኖ የተገለገለው? ሚስቴ በቤቷ ሆና እየታወረች ነው!»

«አባት፣ ይረጋጉ፤ ሁሉም በሥርዓት…»

«ሥርዓት? መንዳት ሳታስተምሩን መንገዱን ለባለመኪና ብቻ አደረጋችሁት፤ መኪናዎቹንም ቆለፋችሁባቸው! ይሄ ነው ሥርዓት?»

ጥበቃ ተጠራ። እሳቸው ግን ከአዳራሹ ወጥተው የተቆለፈው የኮምፒውተር ክፍል በር ሥር ቁጭ አሉና ንቅንቅ አልል አሉ። ጩኸቱን የሰማ ባለጉዳይ ከታች ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ለካ ተራው ያመለጠው ብዙ ነው። ጠፋ ሲባል የከረመው ቁልፍ ከምሳ በፊት ተገኘ።

ያቺው የመስኮት ሠራተኛ ጠዋት ጠዋት እንድታስተምር ተመደበች። ጋሽ ቀስበሉ ባንድ ጣታቸው እየለቀሙ መጻፍ ያዙ፤ የሚስታቸውንም ተራ ራሳቸው ይከታተሉ ጀመር። በመጨረሻ ሐኪሙ አንዱን ዓይን አዳነው። ለሌላው ዘግይታችኋል አላቸው።

ክፍሉ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመረቅ ሰብሳቢው ፈገግ ብለው «አባት፣ ይምጡ፣ ፎቶ እንነሣ» አሏቸው። ጋሽ ቀስበሉ ጀርባቸውን ሰጧቸው። የሚስታቸውን ክንድ ደገፍ አድርገው፣ ጥርሳቸውን እንደነከሱ ደረጃውን ወረዱ።