አባቴና አንድ ጀሪካን ውሃ

ምን? ገበሬ አባቴን ይዤ የምገዛውን ኮንዶሚኒየም ለማየት በመሄዴ ያገናኘኸኝን ደላላ አዋረድኩት? ስማኝማ ወንድሜ፣ እስኪ ዝም ብለህ ስማኝ!

እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሴራሚኩ ያብለጨልጫል፣ ቀለሙ ገና ይሸታል። እኔማ ልቤ ሄዷል፤ ከሰዓት ውል ልፈርም ነው። ከአንኮበር ጋቢውን ደርቦ የመጣው አባዬ ግን ወለሉን ብቻ ያያል። ከዛ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ውሃ አምጡ።»

ደላላው «ፋዘር ጠማው» ብሎ ሃይላንድ ሊገዛ ተነሳ። አባዬ «የሚጠጣ አይደለም፤ በጀሪካን» አለው። ከግቢው ቧንቧ ቀድቼ አመጣሁለት። አባዬ ሻወር ቤቱ ውስጥ ደፋው! ደላላው በሳቅ ፍርስ አለ። «ፋዘር፣ ይሄ እኮ የገብስ ማሳ አይደለም!» እኔ መግቢያ ጠፋኝ።

አባዬ ዓይኑ ውሃው ላይ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በአንኮበር ቁልቁለት ላይ ቦይ እየቀደደ ጎርፍ የመራ ሰው እኮ ነው! ውሃው መውረጃውን ትቶ መኝታ ቤት ገባ፤ ጥጉ ጋ ሲደርስ ጠፋ።

«ልጄ፣ ይሄ ውሃ የት ገባ?» አለኝ።

ሳልመልስለት በሩ ተደበደበ። የታችኛው ቤት ሴትዮ ናት፣ ሻሿ ርሶ ይንጠባጠባል። እኛን ዞራም አላየችን፤ ቀጥታ ደላላው ላይ ነው የጮኸችው። «አንተ! የታቹን ቤት ስታገዛኝ ከላይ አያፈስም ብለህ አልማልክልኝም?»

በል ይሄን የድምፅ መልእክቴን ላክለት፣ ይስማው። አንተ ደላላ፣ እያወቅክ ነው እንዴ አባቴ ላይ የሳቅከው?