አማቴ ዝም ያሉ ዕለት

ነገሩ የሆነው ካቻምና ክረምት፣ ሐምሌ ውስጥ ነው። እኔ ቆቦ ከተማ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናዬ ጋር ስጨቃጨቅ ስለምውል ብዙ ነገር ቶሎ እረሳለሁ። ያን ቀን ግን አልረሳሁትም። ሰው ቆሞ እያየሁት እንዴት እንደሚጠፋ ያየሁት ያን ቀን ነው።

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት አባባ ሲሳይ፣ ከሮቢት ወረድ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። የቀበሌው የውሃ አባትም ነበሩ። ቆላችንን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እኛ ዘንድ የራሱን ሰማይ ብቻ አምኖ የሚያርስ ይራባል። ደጋው ላይ ሲዘንብ ጎርፉ ወንዙን ሞልቶ ወደ ሜዳው ይወርዳል። ገበሬው በድንጋይና በቁጥቋጦ ግድብ ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባዋል። ግድቡ የሚሠራው በበጋ፣ ወንዙ አሸዋ ብቻ በሆነ ጊዜ ነው። ጎርፉ ሲመጣ ደግሞ መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ የሚናገረው የውሃ አባቱ ብቻ ነው። እሱ ሳይናገር አካፋ ያነሳ ይቀጣል። ሕጉ የጠበቀው በውሃ ሰው ስለተጋደለ ነው።

በዚያው ዓመት ፋሲካ ሲቃረብ አባባ ኮት ሊለኩ እኔ ዘንድ መጡ። አንገታቸውን ስለካ ደም ሥራቸው ሲዘል አየሁት። አልወደድኩትም። እየቀለድኩም እየተለማመጥኩም ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው።

ከጎጃም ተመድባ የመጣች ነርስ የደም ግፊታቸውን ለካች። ደግማ ለካች።

«አባቴ፣ ግፊትዎ በጣም ከፍ ብሏል። እንዲህ ከቀጠለ ልብዎን ወይ ጭንቅላትዎን ይመታብዎታል። ክኒን በየቀኑ መውሰድ አለብዎት» አለቻቸው።

«እስከ መቼ?»

«እስከ ዕድሜ ልክ ነው፣ አባቴ።»

አባባ ሳቁ። «እንዲህ ያለ ግብርማ ንጉሡም አልጠየቀን!»

ግድግዳው ላይ «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚል ተለጥፏል። አነበብኩላቸው። እሳቸው ግን ታምመው እንደማያውቁ ነግረውኝ፣ ከምን እንደሚጠነቀቁ ጠየቁኝ። የጤና መድን ነበራቸው፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ጤና ጣቢያው ውስጥ አልቆ ስለነበር ከውጭ መግዛት ግድ ሆነ። ዋጋው ያን ያህል የሚያስደነግጥ አልነበረም። እሳቸውን የቆጠቆጣቸው ገንዘቡ በከንቱ መውጣቱ ነው።

«ሰው በሬ ሲገዛ ያርስበታል፤ ጨው ሲገዛ ይቀምሰዋል። ይኸ ክኒን ምን ሠራልኝ?» አሉኝ።

«ምንም እንዳይሆኑ ማድረግ ነው ሥራው።»

«ምንም አለመሆንማ በነፃ ነበረኝ!»

ከአባባ ጋር ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው አላውቅም። እኔም አልሰነፍኩም። «አባባ፣ እርስዎ ጎርፉ ሳይመጣ ግድብ አይሠሩም እንዴ?» አልኳቸው። ያዝኳቸው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

«ጎርፉንማ አውቀዋለሁ፤ በየዓመቱ ይመጣል። አንች የምትይው ግን መጥቶ አያውቅም» አሉኝ።

እኔን ላለማስቀየም ይሁን ነርሷን አፍረው፣ ክኒኑን ለጥቂት ሳምንት ዋጡ። ተመልሰን ስናስለካ ግፊቱ ወርዷል። ነርሷ «በጣም ጥሩ ነው፣ እንዳያቋርጡት» አለች። እሳቸው የሰሙት «በጣም ጥሩ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። አገራቸው ገብተው ድኛለሁ ብለው አወሩ። የቀረውን ክኒን ራሱን ለሚያመው ለጎረቤታቸው ለአያ ሙሄ ሰጡት።

ሰምቼ ስቆጣ ተገረሙብኝ። «የታመመ ጎረቤት እያለኝ ጤነኛው እኔ ልዋጥ? ነውር አይደለም እንዴ?» አሉኝ። በእኛ አገር የማይጠቅምህን ነገር ጎረቤት እየፈለገው ደብቆ መያዝ በእርግጥ ነውር ነው። ያናደደኝም ይኸው ነው። ደግነታቸው ላይ ምን ብዬ ልጩህ? ሌላ ገዝቼ እንደማመጣ ነገርኳቸው። «እሺ» አሉ፤ አባባ እሺ ሲሉ ወሬው ያብቃ ማለታቸው ነው።

ያን ሐምሌ፣ ጎርፍ ለሚጠብቁት ሰዎች ምሳ የማቅረቡ ተራ የእኛ ቤት ነበር። የአባባ ሚስት ከሞቱ ቆይተዋልና ምሳውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። አዲሱን ክኒን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ እስከ ሮቢት በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር ሄድኩ።

እኛ ያለንበት ሰማይ ጠርቶ ፀሐዩ ይጠብሳል። ወደ ደጋው ስመለከት ግን ተራራው የለም፤ ጥቁር ብቻ ነው። ወንዙ ገና ደረቅ ነው። ወንዶቹ አካፋቸውን ተደግፈው ግድቡ ላይ ቆመዋል። ምሳውን ሳስቀምጥ እንኳ ቀና ብሎ ያየኝ ሰው አልነበረም።

አባባ ከፍ ያለው አፈር ላይ ቆመዋል። ፊታቸው ደም መስሏል።

«አባባ፣ ምነው ፊትዎ?»

«ፀሐዩ ነው። ራሴንም ትንሽ ከበደኝ።»

«እንኪያስ ክኒኑን ይዤልዎታለሁ፤ አሁን ይዋጡት።»

«ውሃው ይለፍና» አሉኝ።

መጀመሪያ የመጣው የእርጥብ አፈር ሽታ ነው። ቀጥሎ ከሩቅ እንደ ከባድ መኪና የሚያጓራ ድምፅ። ከዚያ ጎርፉ ራሱ፣ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ መጣ። ከወትሮው የበዛ ነበር። ትርፉን ውሃ የሚለቀው ማፍሰሻ በጊዜ ካልተከፈተ ግድቡን ይዞት እንደሚሄድ እኔ እንኳ ገብቶኛል። ሁሉም ወደ አባባ ዞረ።

አባባ ቀኝ እጃቸውን አነሱ። ትእዛዝ ሲሰጡ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። እጃቸው መሐል ላይ ቀረና ቀስ ብሎ ወረደ። አካፋቸው ወደቀ። አፋቸው ተከፈተ፤ የወጣው ግን ቃል አይደለም።

ሁለት ሰዎች ሳቁ። አባባ ሲቀልዱ ነው የሚያውቋቸው።

አያ ሙሄ ከወዲያ ማዶ ጮኸ። «አያ ሲሳይ! እንክፈት ወይ? ተናገር እንጂ!»

አባባ ያንኑ ድምፅ ደገሙ። አፋቸው ወደ አንድ በኩል ተጎትቷል። ዓይናቸው ግን ሁሉን ያውቅ ነበር። ሊናገሩ የፈለጉት «ክፈቱ» የሚል አንድ ቃል ነው። ያቺ ቃል ነች እምቢ ያለቻቸው።

«ታመዋል! ክፈቱት!» ብዬ ጮኽኩ። ወንዶቹ እኔን አዩኝ። ከከተማ የመጣች ልብስ ሰፊ፣ ያውም ምራት። ተመልሰው እሳቸውን አዩ። ያ ሁሉ ጉልበተኛ አካፋውን ይዞ አንድ ቃል ይጠብቃል፤ ውሃው ከፍ ይላል። አባባ ተንበርክከው በጎናቸው ሲወድቁ ነው ሰው የተንቀሳቀሰው።

ጎርፉ ያን ጊዜ መውጫውን ራሱ ከፈተ። ግድቡን፣ የማሽላውን ቡቃያ፣ አፈሩን ጠርጎ ሄደ። ሰው አለመሞቱ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው።

በቃሬዛ ተሸክመን አስፋልት አወጣናቸው። ባለቤቴ ጋሻው ከቆቦ ወልድያ በሚኒባስ ሰው ያመላልሳል። ደወልኩለት፤ ተሳፋሪዎቹን ለሌላ መኪና ሰጥቶ መጥቶ ሆስፒታል አደረሰን። ሐኪሙ ስትሮክ መሆኑን ከነገረን በኋላ የግፊት ክኒን ይወስዱ እንደነበር ጠየቀኝ። ከቦርሳዬ ያልተከፈተውን እሽግ አውጥቼ አሳየሁት። አይቶ መለሰልኝ።

ከዚያ በኋላ በሬዎቹ ተሸጡ። ለሕክምና ደሴ ተመላለስን። መሬቱ የእኩል ለሌላ ሰው ተሰጠ። አንድ ቀን ጋሻው ያ ሁሉ ገንዘብ ለስንት ዘመን ክኒን ይበቃ እንደነበር ማስላት ጀመረ። እንዲተወው ለመንኩት። ጠያቂ ሁሉ እየመጣ «አስቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ» ሲል መስማት ይበቃኝ ነበር።

አባባ በሕይወት አሉ። በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ፤ በግራ እጃቸው ይበላሉ። ቃል ግን አልተመለሰላቸውም። ክኒናቸውን በየቀኑ ያለ ክርክር ይውጣሉ። ያ ክርክር እንዴት እንደናፈቀኝ! አያ ሙሄ ሊጠይቃቸው ሲመጣ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። «ጤናውን የዋጥሁበት እኔ ነኝ» ይለኛል። «አብሽር» እለዋለሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። ያን ቀን ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ ልጃቸውም ይለካ ብሎ ነበር። የጋሻውም ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘ። ምንም አያመውም። አጠገቡ ስቆም ክኒኑን ይውጣል። ወልድያ ሲያድር ግን የሚያውቀው እሱና ፈጣሪው ነው። ደግሞ ሲነዳ ብቻውን አይደለም፤ ከኋላው የሰው ልጅ ሞልቶ ተቀምጧል።

ስለዚህ እደውልለታለሁ። መሐል መንገድ ጎብዬ ሲደርስ፣ ወልድያ ሲገባ፣ ሲመለስ። ምን በላህ፣ ማንን ጫንክ እያልኩ አስለፈልፈዋለሁ። ሾፌሮቹ ሚስትህ ቀናተኛ ናት እያሉ ይስቁበታል። ይሳቁ። እኔ የምሰማው የሚለውን አይደለም፤ ቃሉ ሙሉ ሆኖ መውጣቱን ነው። ስልኩን አንስቶ «ሃሎ» እስኪል ድረስ ያለችውን ትንሽ ዝምታ ግን እስከ ዛሬ አልለመድኳትም።