ባና የለበሰው ቴሌስኮፕ

የመጨረሻዋ ደህና ቀን ማክሰኞ ነበረች። የጀመረችውም ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ መንዝ ውስጥ በመሐል ሜዳ ከተማ፣ ከቤታችን ጓሮ ነው። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። እህቴ የአባባን በርኖስ ደርባ ቴሌስኮፑ ላይ አጎንብሳለች። እኔ አጠገቧ የእጅ ባትሪ ይዤ ቆሜያለሁ።

«እንዴት ነው እታለም?» አልኳት።

«ሽሮ ነው» አለች ዓይኗን ሳታነሳ። «ይኸው ይንተከተካል። ና እይ።»

አየሁ። ጁፒተር ክብ መሆኑ ያስታውቃል፤ ግን ጠርዙ ይርገፈገፋል፣ በፈላ ውሃ ውስጥ እንደሚታይ ሳንቲም። በመጽሐፏ ሥዕል ላይ ያሉት ሁለት ቡናማ መቀነቶች የሉም።

አባባ ቄስ ናቸው። ለኪዳን ጸሎት ሲወጡ በአጠገባችን አለፉ። ቆም አሉና «ለስግደት እንዲህ ብታጎነብሱ ኖሮ ሁለታችሁም በጸደቃችሁ» አሉን። እህቴ ሳቀች። ስትስቅ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ስለዚህ ግማሹን ብቻ ነበር የምትስቀው።

ልቧ ከልጅነቷ ጀምሮ ደካማ ነበር። ሐኪሞች ብርድ እንዳይመታት ብለው ስለነበር፣ በቤታችን የሁሉም ሰው ሥራ እሷን መሸፈን ነበር። እኔም መጀመሪያ የተማርኩት ሥራ ይህ ይመስለኛል፦ ባናውን እግሯ ላይ ማልበስ። ባና ከመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራ ነው፤ ይከብዳል፣ ይሞቃል።

የፊዚክስ አስተማሪ ነበረች። ቴሌስኮፑን የሰጧት ጡረታ የወጡ የድሮ መምህሯ ናቸው። ቅዳሜ ንጋት ተማሪዎቿን አምጥታ መቀነቶቹን ልታሳያቸው ቃል ገብታለች፤ የሚታይ ነገር ግን አልነበረም። ስለዚህ ምክንያት የምትላቸውን በደብተር ዘረዘረች። አንዱን በሞከርን ቁጥር አጠገቡ «አይደለም» ብላ ትጽፋለች። የማድ ቤቱ ጭስ፦ አይደለም፤ ቦታ ቀይረናል። የእግሮቹ መንቀጥቀጥ፦ አይደለም፤ ድንጋይ አስረንባቸዋል። በጣም የምታጎላዋን የዓይን ሌንስም አውጥተን በሌላ ተካናት፤ ሽሮው ያው ይንተከተካል፣ ምስሉ ብቻ አነሰ።

የቀረው አንድ ነበር። ሰኞ ማታ «ሙቀት ይሆናል» አለችኝ። «የቤቱን ሙቀት ይዞ ይወጣል። ውስጡ ያለው መስታወት እንደ ደጁ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አየሩ በላዩ ይተራመሳል። ዛሬ ደጅ ይደር።»

«በዚህ ውርጭ?»

«በዚህ ውርጭ። አንተ ልጅ፣ እቃ እኮ ነው! ጉንፋን አይዘውም።»

እሺ አልኩ፤ አወጣሁትም። እሷ ስትተኛ ግን መልሼ አስገባሁትና በባና ጠቅልዬ ምድጃው አጠገብ አቆምኩት። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ በደንብ መናገር አልችልም። ይሰነጠቃል ብዬ ፈራሁ። ወይም እንዲሁ አላስቻለኝም። ከመንቃቷ በፊት አውጥቼ ቦታው መለስኩት።

ለዚህ ነው ማክሰኞ ንጋት ደብተሯን ከፍታ «ሙቀት» ከሚለው አጠገብ «አይደለም» ብላ የጻፈችው።

«እንግዲህ መስታወቱ ራሱ ተበላሽቷል ማለት ነው» አለች። «ለልጆቹ ምን እላቸዋለሁ?»

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ማታ እነግራታለሁ ብዬ ተውኩት።

ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ፣ እያስተማረች ወደቀች። እኔ ሆስፒታል ስደርስ ዓይኗን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ ብዙም አልቆየች።

በማግስቱ ቀበርናት። ሌሎቹ ካህናት አባባን እንዲቀመጡ ለመኗቸው፤ እሺ አላሉም፣ ፍትሐቱን ራሳቸው መሩት። ድምፃቸው ሁለት ጊዜ ተቋረጠ።

ቤታችን በለቀስተኛ ተሞላ። ጎረቤቶች ለሚያድረው ሰው መኝታ ለማስለቀቅ እቃውን ወደ ጓሮ አወጡ። ማክሰኞ ጠዋት አስገብቼ መልሼ ከጠቀለልኩት ቴሌስኮፕ ላይ ባናውን ገፈፉና ከገጠር ለመጡ አንዲት አሮጊት አክስታችን አለበሱ። አየሁ።

ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ወጣሁ። ቴሌስኮፑ ከጓሮው የድንጋይ ካብ ሥር ቆሟል፤ አመዳይ ነጭ አድርጎታል። ስነካው ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ። ክዳኑን ከፍቼ ጁፒተርን ፈለግሁ፤ ወደ ምዕራብ አዘንብሎ ነበር።

አይንተከተክም።

ጸጥ ብሎ ቆሟል። ሁለቱ መቀነቶች አሉ፤ አንደኛው ትንሽ ወፈር ይላል። በግራና በቀኙ አራት ነጥቦች፣ ጨረቃዎቹ።

አባባ ከኋላዬ መጡ። ለኪዳን አልሄዱም ነበር።

«ምን አገኘህ?»

«እኔ ነኝ ያበላሸሁባት፣ አባባ» አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ባናውን፣ ምድጃውን፣ ደብተሯ ላይ የጻፈችውን።

እጃቸውን ዘርግተው ቴሌስኮፑን ነኩት።

«ብርድ እንዳይነካው ብለህ?»

«አዎ።»

«እኛ ቤት ሌላ ምን ተማርክና፣ ልጄ።»

ጥምጣማቸውን በአንድ እጃቸው ደግፈው አጎነበሱ። ረጅም ጊዜ አዩ።

«ሁለት ነው መቀነቱ» አሉ።

ደብተሯን ከክፍሏ አመጣሁ። «አይደለም» ያለችውን አልሰረዝኩትም፤ የእጅ ጽሑፏ ነው። ከሥሩ ግን «ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ለቅዳሜ ሁለት ሌሊት ይቀራል። ቴሌስኮፑን ሳልሸፍነው እዚያው ደጅ ተውኩት።